ሰላምታ በቀጠሮ

(ከአዲስ ዓመት በፊት የመጨረሻው የሥራ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ማተሚያ ቤት የአስተዳደር ኃላፊው ጋሽ ይርዳው ቢሯቸውን ከውስጥ ቆልፈው ቆመዋል፤ የኮምፒውተር ክፍል ሠራተኛዋ አዜብ እሳቸው ወንበር ላይ፣ እሳቸው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣለች።)

አዜብ፦ ሳላየው አልጭንም ጋሼ። ያልኩትን ብያለሁ።

ይርዳው፦ ካየሽውማ ምኑን የግል ሆነ? ዓይንሽን ጨፍነሽ ጫኚልኝ።

አዜብ፦ ደንቡን የፈረሙት እርስዎ ነዎት። «ከተፈቀደው ዝርዝር ውጭ የሆነ ማንኛውም ፕሮግራም በኮምፒውተር ክፍል ሳይመረመር አይጫንም።» ከሥሩ ፊርማዎ፣ ፊርማዎ ላይ ማኅተሙ።

ይርዳው፦ እኔ ነኝ የፈረምኩት?

አዜብ፦ ታዲያ ማን ሊሆን ነው? ሳላነብ አልፈርምም ብለው ደጅ ያስጠኑኝን ረሱት?

ይርዳው፦ ኧረ የት እረሳለሁ! ደግ አድርጌያለሁ። አሁን ግን ደንቡ ለፈረመው ሰው ትንሽ ቢያዝንለት ምን አለበት?

አዜብ፦ ለእርስዎ ካላላሁት ነገ ታደለም ይመጣብኛል። የማሽን ክፍሉን ኮምፒውተር ከየት እንዳመጣው በማይታወቅ ፍላሽ ድራሹን ያጠፋው ደንቡን ረሳሁት ብሎ ነው። በዚያ ላይ መጀመሪያ ይሄን በር ይክፈቱልኝ።

ይርዳው፦ በሩ ደግሞ ምን አደረገሽ?

አዜብ፦ ጸሐፊዎ ወይዘሮ ዘነበች ውጭ ተቀምጣለች። ከገባሁ በኋላ ቁልፉ ሲዞር ሰምታለች። ምን እንደምታወራ እኔ ልንገርዎት?

ይርዳው፦ በኔ ዕድሜ? ብታወራልኝ ውለታዋን አልረሳም።

አዜብ፦ ለእርስዎ ውለታ ነው፤ እኔ ገና ያላገባሁ ሰው ነኝ።

ይርዳው፦ እሺ፣ ይኸው ከፈትኩት። አልተቆለፈም፤ ግን ገርበብ አላደርገውም። ዘነበች ጆሮዋ ከአንቺ ኮምፒውተር ይብሳል።

አዜብ፦ ይሁን። በሉ አሁን ምን እንደሚሠራ ይንገሩኝ።

ይርዳው፦ ለሁላችንም የጫንሽልን መፈለጊያ አለ አይደል? ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ስጫን መሐል ላይ ሣጥን ብቅ የሚለው።

አዜብ፦ አውቀዋለሁ ጋሼ፣ እኔው ነኝ የጫንኩት።

ይርዳው፦ እሱ ላይ የሰው ስም ስጽፍ መዓት ይዘረግፍብኛል። «ዘነበች» ስለው የዘነበችን የዓመት ፈቃድ፣ የዘነበችን ትርፍ ሰዓት፣ ዘነበች የወንበር ጎማ ተሰበረብኝ ብላ የጻፈችውን ሁሉ ይደረድርልኛል። እኔ የምፈልገው እሱን አይደለም።

አዜብ፦ ምንድን ነው የሚፈልጉት?

ይርዳው፦ ሌላ ነው።

አዜብ፦ ሌላ ምን? መፈለጊያው ላይ የሚቀጠል ትንሽ ፕሮግራም፣ ፕላጊን የሚሉት፣ እኮ ሞልቷል። ዝርዝሩን ከፍቶ፣ መርጦ አንዴ መንካት ነው፤ መዝገበ ቃላት አለው፣ ቀን መለወጫ አለው...

ይርዳው፦ የኔ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ሶስና ናት የሠራችልኝ፤ ሐዋሳ ያለችው ልጄ። ለኔ ብቻ ብላ ነው የሠራችው፤ ሌላ ሰው ጋ የለም።

አዜብ፦ ታዲያ ለምን እሷው በስልክ አላስጫነችዎትም?

ይርዳው፦ ሞክራ ነበር። ይሄን ፎልደር ከሌሎቹ ፕላጊኖች ጋር አስቀምጠው፣ ከዚያ መፈለጊያውን ዝጋው፣ ከዚያ ክፈተው፣ ከዚያ ፍቀድለት... ሦስተኛው ላይ ስደርስ የመጀመሪያው ይጠፋኛል። እሷም ተናደደች። «አባዬ፣ እየሰማኸኝ ነው?» ትለኛለች። እሰማለሁ እኮ! መስማቱ መቼ ቸገረኝ።

አዜብ፦ ስለዚህ ሰላም ያላሉኝን ልጅ በዓመቱ በር ቆልፈው ጠሩኝ።

ይርዳው፦ ምን አልሽ?

አዜብ፦ ምንም። ፍላሹን ይስጡኝ።

ይርዳው፦ እንዲህ ነው እንጂ! ትጭኚልኛለሽ?

አዜብ፦ አየዋለሁ አልኩ እንጂ እጭነዋለሁ አላልኩም። ... ይኸው፣ እሱም እንደኔ ተጠራጥሯል። ያንብቡት።

ይርዳው፦ መነጽሬን አላደረግኩም። አንቺው አንብቢልኝ።

አዜብ፦ «ይህ ፕላጊን ከዝርዝሩ ውጭ የመጣ ነው፤ የሠራውን ሰው ያውቁታል?» ይላል።

ይርዳው፦ ሶስናን እንኳ አውቃታለሁ፤ አውቃታለሁ በይው።

አዜብ፦ ለጊዜው አይሆንም ብዬዋለሁ። መጀመሪያ ውስጡን ልክፈት።

ይርዳው፦ ተይ ልጄ። እባክሽ ተይው።

አዜብ፦ አንድ ፎልደር ነው እኮ፣ ምን አስደነገጠዎት? ... ይሄ ፕሮግራሙ ነው፤ አጭር ነው፣ ጥሩ አድርጋ ነው የጻፈችው። ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? የሠራተኛው ስም ዝርዝር ነው?

ይርዳው፦ እሱን ዝጊው።

አዜብ፦ «ታደለ፤ ማሽን ክፍል። ልጁ ታስሯል።» ... «ሸዋዬ፤ ሒሳብ ክፍል። ባሏ ጥሏት ሄዷል።» ... «ገረመው፤ ጥበቃ። መጠጥ ካቆመ ቆይቷል፤ ድሮ ግን...» ጋሼ! ምንድን ነው ይሄ?

ይርዳው፦ ዝጊው አልኩሽ እኮ።

አዜብ፦ የሰው ገመና ሰብስበው አስቀምጠዋል! ሸዋዬ ባሏ እንደሄደ ለኔ እንኳን የነገረችኝ አልቅሳ፣ አስምላኝ ነው። እርስዎ ዘንድ ማን አደረሰው?

ይርዳው፦ እሷው ነግራኝ ነው።

አዜብ፦ ነግራዎት? አምናዎት ነግራዎት እርስዎ ኮምፒውተር ላይ ከተቡት? ስሟን ሲጽፉ ብቅ እንዲል? አሁን ገባኝ። ሰው ሊቀነስ ነው ሲባል የሰማሁት እውነት ነው ማለት ነው። ማንን በምን እንደሚይዙት እያዘጋጁ ነው።

ይርዳው፦ እግዚኦ! እንዲህ ነው የምታስቢኝ?

አዜብ፦ ምን ላስብ ታዲያ? ድሮ ቢሆን አላስብም ነበር። ድሮ እኮ እርስዎ ምሳ ክፍል ሲገቡ ሰው ማንኪያውን አስቀምጦ ነበር የሚነሳው። ለእያንዳንዱ ቤተሰቡን በስም እየጠሩ ሲጠይቁ ሾርባው ይቀዘቅዝ ነበር። አሁን በጓሮ ደረጃ ወጥተው፣ በጓሮ ደረጃ ወርደው፣ ከሰው ፊት ዞር ብለው... ለካ ሰላምታውን ያቆሙት ወሬውን ሰብስበው ስለጨረሱ ነው።

ይርዳው፦ ጨረስሽ?

አዜብ፦ አልጨረስኩም። ግን ትልቅ ሰው ነዎት፣ አፌን ልያዝ።

ይርዳው፦ እንግዲያው ስለ ታደለ የጻፍኩትን ከታች ያለውን አንብቢ። ላዩን ብቻ ነው ያነበብሽው።

አዜብ፦ ማንበብ አልፈልግም።

ይርዳው፦ ሳላየው አልጭንም ያልሽው አንቺ ነሽ። እዪው።

አዜብ፦ «ታደለ፤ ማሽን ክፍል። ልጁ ታስሯል። በሰው ፊት ስለ ልጁ አይጠየቅም። ብቻውን ሲሆን፣ ጨብጦ፣ አይዞህ።» ...

ይርዳው፦ የሸዋዬንም።

አዜብ፦ «ባሏ ጥሏት ሄዷል። ባልሽ እንዴት ነው እንዳትል! ልጆቿ ናታንና ቃልኪዳን። ናታን አስም አለበት፤ ጠይቅላት።» ... «ገረመው፤ መጠጥ ካቆመ ቆይቷል፤ ድሮ ግን አብረን ቀምሰናል። ጠላ አትጋብዘው። በዓል ሲሆን ለስላሳ ግዛለት።»

ይርዳው፦ ይኸው ነው። ለዚህ ነው ዓይንሽን ጨፍኚ ያልኩሽ።

አዜብ፦ አልገባኝም ጋሼ። ይሄን ለምን ይጽፉታል? ያውቁታል እኮ። ከእርስዎ በላይ የሰው ጉዳይ የሚያውቅ ማን አለ እዚህ ቤት?

ይርዳው፦ አላውቀውም።

አዜብ፦ ምኑን?

ይርዳው፦ አሁን ብትጠይቂኝ የታደለን ልጅ ነገር አላውቀውም። አንቺ ስታነቢው ነው የሰማሁት። ጠዋት ጠዋት ደህና ነኝ፤ ትዝ ይለኛል፣ ትዝ ያለኝን ቶሎ ቶሎ እጽፈዋለሁ። ከሰዓት ሲሆን እየጠፋኝ ነው ልጄ። ሰዉ እየጠፋኝ ነው።

አዜብ፦ ጋሼ!

ይርዳው፦ አትደንግጪ። ፊቱን አውቀዋለሁ፤ እንደምወደው አውቃለሁ። ስሙና ቤቱ ነው የሚሄድብኝ። ገረመውን ባለፈው በር ላይ «ጌታዬ» አልኩት። ወጣት ሆነን አብረን የገባን ሰው! ዞር ብሎ ከኋላው ሰው የመጣ መስሎት ፈለገ።

አዜብ፦ ሐኪም ዘንድ ሄደዋል?

ይርዳው፦ ደጃፉ ድረስ ሄጄ ነበር። ካርድ የምታወጣው ልጅ «ስም?» አለችኝ። የራሴን ስም አልረሳሁም፤ አታስቢ። ግን ስትጠይቀኝ ፈራሁ፤ አንድ ቀን ይሄንንም እጠየቅና አጣው ይሆን ብዬ። ዞሬ ወጣሁ።

አዜብ፦ እትዬስ? ቤት ያውቃሉ?

ይርዳው፦ ባለቤቴ ታውቃለች። አውቃ እንዳላወቀች ትሆናለች። ጠዋት ስወጣ በር ላይ ቆማ «ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው» ትለኛለች፤ እንደ ዋዛ። ሶስናን ግን ለመሥሪያ ቤቱ ነው ብያታለሁ። የሠራተኛ ማስታወሻ ነው አልኳት። ያወቅሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

አዜብ፦ ለዚህ ነው በጓሮ ደረጃ የሚሄዱት።

ይርዳው፦ ለዚህ ነው። ከፊት ደረጃ ብወጣ በየእርከኑ ሰው ነው። ልጄ፣ ጌታዬ፣ ወንድሜ እያልኩ እስከ መቼ እዘልቃለሁ? እናንተ ደግሞ ስም አወጣችሁልኝ፤ «ሰላምታ በቀጠሮ»።

አዜብ፦ ማን... ማን ነገረዎት?

ይርዳው፦ ማን ይሆናል፣ ዘነበች ናታ። ስሙን ያወጣው ሰው ግን ጎበዝ ነው። መጀመሪያ ስሰማው ሳቄ አመለጠኝ። ማታ ግን ራት አልበላ አለኝ።

አዜብ፦ ለምን እንዲህ ነው ብለው አልነገሩንም ጋሼ? ሰው እኮ... ሰው እንዲህ መሆኑን ቢያውቅ...

ይርዳው፦ ያዝንልኝ ነበር። ይኸውልሽ፣ ይሄን ነው የማልችለው። ኮራ ቢሉኝ ይሻለኛል። እዚህ ቤት ስኖር ለሰው የማዝነው እኔ ነበርኩ። ለቅሶ ቤት ቀድሜ እኔ፣ ሠርግ ቤት ቀድሜ እኔ። አሁን እነ ዘነበች ከንፈር እየመጠጡ ክንዴን ይዘው ሊደግፉኝ?

አዜብ፦ ታዲያ ለፕላጊኑ ለምንድን ነው የቸኮሉት? ከበዓሉ በኋላ ረጋ ብለን...

ይርዳው፦ ከበዓሉ በኋላማ አለቀልኝ። በበዓሉ ማግስት ምን እንደሚሆን ታውቂ የለም? ሠራተኛው በሙሉ ተራ በተራ ወደዚህ ይወጣል። እንኳን አደረሰዎ ይለኛል። እኔ ደግሞ ከወንበሬ ተነስቼ፣ ጉንጩን ስሜ፣ ቤቱን በሙሉ አንድ በአንድ እጠይቃለሁ። እኔ ያመጣሁት ልማድ ነው፤ እኔው ላይ መጣብኝ።

አዜብ፦ አሁን ገባኝ። ወይዘሮ ዘነበች በስልክ እገሌ መጣ ስትልዎት...

ይርዳው፦ ስሙን እዚህ እጽፋለሁ። ሦስት መስመር ብቻ፣ በትልቁ ይመጣልኛል። በሩ ተንኳኩቶ እስኪከፈት አነበዋለሁ። ከዚያ ስነሳ የድሮው ይርዳው ነኝ። ይሄ ካልሆነ አመመኝ ብዬ እቀራለሁ፤ አንዴ ከቀረሁ ደግሞ ተመልሼ አልመጣም። ራሴን አውቀዋለሁ።

አዜብ፦ እንዲያ አይበሉ።

ይርዳው፦ አልልም ነበር፤ ያቺ ልጅ ባትኖር። ከሁሉም ያሳፈረችኝ እሷ ናት።

አዜብ፦ የቷ ልጅ?

ይርዳው፦ ተይው።

አዜብ፦ ይንገሩኝ። ይሄን ሁሉ ከሰማሁ በኋላ ምን ይደብቁኛል?

ይርዳው፦ ምሳ ክፍል ሰልፍ ላይ ነው። ሰው ሞልቶ ነበር። እኔም ጥሩ ቀን ነው ብዬ፣ ሞቅ ብሎኝ፣ በፊት በር ገባሁ። አንዲት ልጅ ሰሃን ይዛ ቆማለች። ትከሻዋን መታ አድርጌ፣ «እናታችን እንዴት ናቸው? እመጣለሁ እያልኩ ቀረሁ፤ ሰላም በይልኝ!» አልኳት። በዚህ ድምፄ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ፊቷን አየሁት። ከዚያ ልብሷን አየሁት። ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ነው የለበሰችው። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

አዜብ፦ ምን አለችዎት?

ይርዳው፦ «ደህና ናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አለችኝ። ይሄ ነው የገደለኝ። ብትሰድበኝ፣ ሰሃኑን ፊቴ ላይ ብትወረውረው ይቀለኝ ነበር። እኔን በሰው ፊት ላለማዋረድ የሞተች እናቷን ደህና ናት አለችኝ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለበት።

አዜብ፦ ምናልባት... እንዲያ ብላ ሳይሆን አፏ ተሳስሮ ይሆናል። ምን እንደምትል ጠፍቷት።

ይርዳው፦ እዚህ ወጥቼ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ድንኳኑ ትዝ አለኝ። እኔ እኮ ለቅሶው ላይ ነበርኩ! ወንበር አነሳ ነበር። ሸራው ውኃ አቁሮ በእንጨት እየገፋሁ አፈስስ ነበር። የማን ለቅሶ እንደሆነ፣ የማን እናት እንደሆነች ግን የለም፤ ባዶ ነው። የልጅቷም ፊት አብሮ ሄደ።

አዜብ፦ ያን ቀን ዝናቡ ለጉድ ነበር። ልብስዎ በስብሶ...

ይርዳው፦ እንዴት አወቅሽ?

አዜብ፦ ውኃ አቁሮ አሉ እኮ። ክረምት ነው ማለት ነው ብዬ ነው።

ይርዳው፦ ከዚያ ወዲህ ጥቁር የለበሰች ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር። እሷ ትሆናለች ብዬ። ሄጄ ይቅርታ እንዳልላት፣ ማን ናት? ዘነበችን እንዳልጠይቅ፣ ምን ብዬ? አሁን ደግሞ ጥቁሯን አውልቃ ይሆናል። ካወለቀች ጨርሶ ጠፋችብኝ። በበዓሉ ማግስት ያቺ ልጅ በዚህ በር ትገባለች፤ እኔም ደግሜ «እናታችን እንዴት ናቸው?» እላታለሁ። ይሄን እያሰብኩ ነው የማድረው። ታዘብሽኝ አይደል?

አዜብ፦ የለም ጋሼ። እየጫንኩልዎት ነው።

ይርዳው፦ ሌላ ጥያቄ የለሽም?

አዜብ፦ የለኝም። ይኸው ፎልደሩን ከፕላጊኖቹ ጋር አስቀመጥኩት። መፈለጊያውን ዘጋሁት፤ አሁን ስከፍተው ያን ጥያቄ መልሶ ይጠይቀናል። አየት ያድርጉ፣ መጣ። «የሠራውን ሰው ያውቁታል?» አዎ። «ያምኑታል?» አዎ።

ይርዳው፦ እንዴት ያለ ጠያቂ ነው!

አዜብ፦ የሚጠራበት ቃል ይፈልጋል። ያን ቃል አስቀድመው ካልጻፉ ይሄ አይመጣም፤ የድሮው መፈለጊያ ብቻ ነው የሚሠራው። ምን ይሁንልዎት?

ይርዳው፦ ቀላል የሆነ፣ የማልረሳው። «ሰው» በይው።

አዜብ፦ «ሰው»። ጥሩ። ሰው ብለው፣ ከዚያ ስሙን። ሌላ ደግሞ፣ ይሄን ፎልደር የእርስዎ የይለፍ ቃል ብቻ እንዲከፍተው አድርጌዋለሁ። የመሥሪያ ቤቱ ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩም፣ ቅጂ አይወስድበትም። እኔም ከዚህ ከተነሳሁ በኋላ ላየው አልችልም።

ይርዳው፦ በደንቡ መሠረት መርምሬዋለሁ ብለሽ መጻፍ የለብሽም? ምን ብለሽ ልትጽፊ ነው?

አዜብ፦ «የሰላምታ ፕላጊን። ተመርምሯል። በማንም ላይ ጉዳት የለውም።» በሉ አሁን ወንበርዎ ላይ ይቀመጡና ይሞክሩት። ዘነበችን ይጥሯት።

ይርዳው፦ ሰው... ዘነበች። ኧረ! «ዘነበች፤ ጸሐፊ። ጉልበቷን ያማታል፤ ደረጃ አታሩጣት። የልጅ ልጅ መጣላት፤ ስሙ ናሆም።» ናሆም! ይባርክሽ! ሶስናዬ ትባረክ!

አዜብ፦ አሁን ደግሞ የኔን ይጻፉ።

ይርዳው፦ የአንቺን?

አዜብ፦ የኔን።

ይርዳው፦ የአንቺን እንኳን... አንቺማ እዚሁ ነሽ። ምን ያደርግልኛል?

አዜብ፦ ጋሼ፣ ስሜ ጠፋዎት?

ይርዳው፦ ጠዋት ነበረ። ይቅር በይኝ። ጠዋት ስደውልልሽ ነበረኝ።

አዜብ፦ አዜብ ነው።

ይርዳው፦ አዜብ! አዜብ ነው እንጂ! ሰው... አዜብ። «ምንም አልተገኘም» አለ። አልጻፍኩሽም ማለት ነው። ቅር አይበልሽ፣ ሁሉንም ጽፌ አልጨረስኩም፤ ትዝ ያለኝን ነው እኮ...

አዜብ፦ ቅር አይለኝም። ኪቦርዱን ወደኔ ያስጠጉት፤ የኔን እኔው እጽፈዋለሁ። አይዩ፣ ስጨርስ ያነቡታል። መነጽርዎ የት ነው ያለው?

ይርዳው፦ ኪሴ ውስጥ ነው። ... ረዘመ እኮ። ሦስት መስመር ብቻ ነው የሚያሳየኝ።

አዜብ፦ የኔን አራት እንዲያሳይ አድርጌዋለሁ። በሉ ያንብቡ።

ይርዳው፦ «አዜብ፤ ኮምፒውተር ክፍል። እናቷ እማማ ደብሪቱ ባለፈው ክረምት አርፈዋል።» ነፍሳቸውን ይማር። አላወቅኩም ነበር ልጄ፣ እግዜር ያጥ... ቆይ። «ጋሽ ይርዳው ቀብር ቆመዋል፤ እስከ ሰልስት ከድንኳኑ አልተለዩም። ሸራው ያቆረውን ውኃ በእንጨት እየገፉ ያፈስሱ ነበር።» ...

አዜብ፦ ይቀጥሉ።

ይርዳው፦ አንቺ ነሽ?

አዜብ፦ እኔ ነኝ።

ይርዳው፦ ሰሃን ይዘሽ የነበርሽው?

አዜብ፦ እኔ ነኝ ጋሼ። ጥቁሩን ከሙት ዓመቷ በኋላ ነው ያወለቅኩት።

ይርዳው፦ ፊቴ ተቀምጠሽ፣ ይሄን ሁሉ ስለፈልፍ...

አዜብ፦ ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው? ኧረ በእመቤቴ ይነሱ! የአባቴ ታላቅ የሚሆን ሰው ለኔ ሊንበረከክ? ወንበሩን ይያዙ... እንዲያ ነው። ይቀመጡ።

ይርዳው፦ በምን ዓይኔ ልይሽ?

አዜብ፦ በሁለቱም። መነጽሩን መልሰው ያድርጉና ያንብቡ፤ አልጨረሱም።

ይርዳው፦ ይሄ እንባ... አይታየኝም። «ስለ እናቷ ቢጠየቅ አይከፋትም። ጥቁሯን ካወለቀች ወዲህ ማንም አይጠይቃትም፤ ቢጠይቋት ደስ ይላታል።»

አዜብ፦ እሱ እውነት ነው። አሁንም አንድ ቀርቷል።

ይርዳው፦ «‹ሰላምታ በቀጠሮ› የሚለውን ስም ያወጣችው እሷ ናት። ታፍርበታለች።» ... አንቺ?

አዜብ፦ እኔ። በዚያው ሰሞን ነው። እናቴ ላይ የቀለዱ መሰለኝ፤ ወይም ንቀውኝ የረሱ። እዚያው ምሳ ክፍል ቁጭ ብዬ፣ «አቶ ይርዳውን ሰላም ለማለት መጀመሪያ ከዘነበች ቀጠሮ ያዙ» አልኩ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሲስቁ ደስ አለኝ። ስሙ ከዚያ ወጣ። እርስዎ ራት ሳይበሉ ሲያድሩ እኔ በሰው ፊት ጨዋታ አዋቂ ተብዬ ነበር።

ይርዳው፦ ጎበዝ ነው ብዬ ነበር እኮ። ጎበዝ ነሽ።

አዜብ፦ አይሳቁብኝ ጋሼ። ይቆጡኝ።

ይርዳው፦ ይሄን የመጨረሻውን መስመር አጥፊው።

አዜብ፦ አላጠፋውም። ስሜን በጻፉ ቁጥር እንዲያዩት ነው እዚያ ያስቀመጥኩት። ይገባኛል።

ይርዳው፦ አጥፊው አዜብ። እኔስ እስከ በዓሉ ማግስት እረሳልሻለሁ፤ ይሄ ዕቃ ግን መርሳት አልተማረም።